«እርጅና ብቻህን ና»፦ አቅም የከዳቸውን አባላት በሕይወት ሳሉ ስለመርዳት

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጠያቂ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



«እርጅና ብቻህን ና» የሚለውን አባባል ያልሰማ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። አባባሉን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ነገሩን በደንብ ያየ ሰው መሆን አለበት። እርጅና ብቻውን ቢመጣማ ማን ይጠላው ነበር? ሽበት ያስከብራል፤ ከፍ ያለ ወንበር ያስይዛል፤ ምርቃት ያስጠይቃል። ችግሩ አብረውት የሚመጡት ናቸው። የጉልበት መዛል፣ የዓይን መፍዘዝ፣ የጥርስ መርገፍ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከዚያም አልፎ ከሰው ተለይቶ ቤት መቅረት። ዛሬ የምንናገረው ስለ እነዚህ የእርጅና ጓደኞች ነው።

ይህንን ርእስ ያለ ምክንያት አልመረጥንም። ከዚህ ንግግር በኋላ ጉባኤው በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ እንዲጨመር በቀረበው አንቀጽ ላይ ድምፅ ይሰጣል። አንቀጹ በአጭሩ የሚለው፣ እድሩ ለአባሉ ሲሞት ብቻ ሳይሆን አቅሙ ሲከዳውም ይድረስለት ነው። ደጋፊም ተቃዋሚም እንዳለው እናውቃለን፤ በየቡናው ላይ ሲነሣ ሰምተናል። ስለዚህ እጅ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን አፍታተን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ አቅም መክዳት ስንል ዕድሜን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ገበያ ወርደው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚመለሱ እናቶች አሉን። ሥልሳ አምስት ሳይሞላቸው ከአልጋ እስከ በር መድረስ ዳገት የሆነባቸውም አሉ። ሐኪሞች ይህንን ሁኔታ «ፍሬይልቲ» ብለው ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ መርምረው አምስት ምልክቶችን ለይተው አስቀምጠዋል። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ይኸውም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አራት ኪሎ ተኩል መቀነስ፤ ሁልጊዜ ድካም ድካም ማለት፤ የእጅ የመጨበጥ ኃይል መላላት፤ አረማመድ መዘግየት፤ እንቅስቃሴ ማነስ። ከአምስቱ ሦስቱ የታዩበት ሰው አቅም የከዳው ይባላል። አንዱ ወይም ሁለቱ የታዩበት ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለ ነው። እኛ በተለይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህንን በመንገድ ላይ ያለውን ሰው ነው፤ በቶሎ ቢደረስለት ለመመለስ የሚቀለው እሱ ነውና።

ነገሩ በገበሬ ጎተራ ይመሰላል። ጎተራው ሙሉ የሆነ ገበሬ አንድ ክረምት ዝናብ ቢያጥር ይቸገራል እንጂ አይሰደድም። ጎተራው የተሟጠጠ ግን አንድ ክረምት ሲከፋበት ቤቱ ይፈታል። የሰውም አካል እንዲሁ ነው። ጎልማሳ ጉንፋን ይዞት ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሣል። አቅም የከዳው አዛውንት ግን በዚያው ጉንፋን ይተኛል፤ ሲተኛ ጉልበቱ ይልማል፤ ሊነሣ ሲል ይወድቃል፤ ሲወድቅ የዳሌ አጥንቱ ይሰበራል። እኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን «ምን አገኛቸው?» ስንባባል «ትንሽ ጉንፋን ብጤ ነበረች» ይባላል። ጉንፋኗ ብቻዋን አይደለችም የገደለቻቸው፤ ጎተራው ቀድሞ ተሟጦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል። አንድ አዛውንት በድንገት፣ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሰው መለየት ሲያቅታቸው፣ ሌሊቱን ሲቃዡ፣ የሌለ ሰው ሲጠሩ «አይ፣ ጃጅተዋል» ብሎ መተው የተለመደ ነው። መጃጀት የምንለው የመርሳት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በድንገት የመጣ መቃዠት ግን ሌላ ምክንያት አለው። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የውሃ ማነስ፣ የሽንት ወይም የሰገራ መታገድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በሽምግልና ዘመን የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት፣ ሳል እንኳ ሳይኖረው፣ በመቃዠት ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ በድንገት የቃዡ አባት ወይም እናት የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ መድረስ አለባቸው። ጸበሉም ካለ አብሮ ይሁን፤ እኛ አንቃወምም። ብቻ ሐኪም ሳያያቸው ቀኑ አይለፍ።

«ዕድሜ ያደከመውን ማን ያበረታዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ይበረታል እኮ! እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ 10 ሰዎች የእግር ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ለስምንት ሳምንት እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። የፈጸሙት ሰዎች የጡንቻ ኃይል በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ከነበረው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ ማለት ነው። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረጉት ሥራዎች ነገሩን አጽንተውታል። በአንጻሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ጤነኛ የሆኑ አዛውንቶች ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ ከእግራቸው ሥጋ አንድ ኪሎ ያህል እንዳጡ አሳይቷል። ጤነኞቹ ናቸው እንግዲህ። የታመመውማ እንዴት ይሆን?

ይህ ነገር ለኛ ትንሽ ይጎረብጣል፤ ምክንያቱም በኛ ዘንድ ሽማግሌን ማክበር ማለት ማሳረፍ ማለት ነው። «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ አመጣዋለሁ» እንላለን። ጀበናውን ከእጃቸው እንቀማለን፤ ምስር መልቀሙን እንከለክላለን፤ ወደ ደጅ ብቅ ሲሉ «ወዴት ነው ደግሞ?» እንላለን። በፍቅር ነው፤ ይሄ አይካድም። ግን በፍቅር አስቀምጠን እግራቸውን እናሳጣቸዋለን። ቡናውን ያፍሉ። ምስሩን ይልቀሙ። ጠዋትና ማታ ከወንበር ላይ በእጃቸው ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ፤ አሥሩ ቢከብድ በሦስት ይጀመር፤ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ስግደት ወይም ሶላት ያላቋረጡ አዛውንቶች ጉልበታቸው የሚቆየው በዚሁ በመነሣትና በመቀመጡ ሳይሆን አይቀርም የሚል የኛ የራሳችን ግምት አለን።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ዳቦ በሻይ ይለምዳሉ። የገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ያታክታል፤ ጥርስም የለም፤ ቢበሉም የሚያጎርሳቸው፣ «በሞቴ» የሚላቸው የለም። ዳቦ በሻይ ሆድ ይይዛል እንጂ ጡንቻ አይሠራም። የዘርፉ ሊቃውንት አረጋዊ ሰው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመክራሉ። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ይጠጋል፤ ሽምብራና ባቄላም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ጾምም ቢሆን ወፈር ያለ ሽሮና ምስር ከዳቦ በሻይ በብዙ ይሻላል። ኩላሊቱን የታመመ ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ሕመም ወይም ድካም የጸናባቸው በጾም ነገር የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለደከመ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ አለ። በእስልምናም ጾሙን ለማይችል አዛውንት ፈቃድ እንዳለው ሼኾቻችን ያስተምራሉ።

ከምግቡ ይልቅ ግን በጉብኝታችን ወቅት በብዙ ቤት ያስቸገረን ሽንት ቤቱ ነው። ስለዚህ ነገር በጉባኤ መናገር የሚያሳፍር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ቢሆንም እንናገራለን። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፤ መንገዱ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ሌሊት መብራት የለውም፤ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ጉልበታቸው የላላ ሰዎች ቁጢጥ ካሉ በኋላ መነሣት ያቅታቸዋል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ሌሊት እንዳይወጡ ከቀትር በኋላ ምንም አይቀምሱም። ውሃ ሲያንሳቸው ያዞራቸዋል፤ ሲያዞራቸው ይወድቃሉ። ልጆቻቸው የደም ግፊት ነው ብለው ጤና ጣቢያ ይወስዷቸዋል። መድኃኒት ይጨመርላቸዋል። ማዞሩ ይብሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ማንኛውም አናጢ መቀመጫው መካከሉን የተቀደደ፣ ሁለት ክንድ ያለው ጠንካራ ወንበር ሊሠራ ይችላል፤ ቀን ከጉድጓዱ በላይ ይቆማል፤ ሌሊት አልጋው አጠገብ ከሥሩ ባልዲ ይደረጋል። ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ እንጨት ይመታል። ደጁ ላይ አንድ አምፖል ይሰቀላል። ከአልጋው ሥር ያለው የተቀደደ ምንጣፍ ይነሣል። እድራችን ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ ወንበር የሚጠግን፣ ገመድ የሚወጥር ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ለዚህም አያጣም።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩት አባሎቻችን ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ መገንባት ከጀመሩት ቤቶች ብዙዎቹ ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ናቸው። ዕጣው አራተኛ ፎቅ የወጣላቸው አባት ያን ጊዜ ደረጃውን በሩጫ ይወጡት ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ከወረዱ መመለሱ ስለሚያስፈራቸው አይወርዱም። ቤት አላቸው፤ ንብረት አላቸው፤ ግን በሰገነት ላይ እንደታሰሩ ናቸው። ምድር ቤት ካለው ጎረቤት ጋር ቤት መለዋወጥ ወይም የራስን አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት የሚቻል ነገር ነው፤ የሚጎድለው የሚያገናኝ ሽማግሌ ነው። ማስታረቅና ማገናኘት ደግሞ የእድር ዳኛ የቆየ ሥራ ነው።

አሁን ስለ ጤናው አገልግሎት እንናገር። የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ተጽፏል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀምሮ ባለሙያዎች በየቤቱ መግባት ችለዋል፤ ምንም እንኳ ትኩረታቸው በይበልጥ በእናቶችና በሕፃናት ላይ ቢሆንም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ የተደነገገው በዚያው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በግል ቤት ያገለገለ፣ በጉሊት የኖረች፣ ልብስ ሰፊ፣ የቀን ሠራተኛ ግን ጡረታ የለውም። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

እንግዲህ አገልግሎቱ በወረቀት አለ። ችግሩ አቅም የከዳው ሰው ወደ አገልግሎቱ መሄድ አለመቻሉ ነው። አንድ አዛውንት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ካርድ ለማውጣት ይሰለፋሉ፤ ለመለካት ይሰለፋሉ፤ ለሐኪም፣ ለላቦራቶሪ፣ እንደገና ለሐኪም፣ ከዚያ ለመድኃኒት ይሰለፋሉ። ለግፊቱ አንድ ክፍል፣ ለዓይኑ ሌላ ክፍል፣ ለጉልበቱ ሌላ ሆስፒታል። ሁሉም የራሱን ያያል፤ ሁሉም ክኒን ይሰጣል። «አባባ፣ ከወንበርዎ መነሣት ይችላሉ? ባለፈው ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ማን ያበስልልዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በሌሎች አገሮች ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያውና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው አንድ ላይ ሆነው ሰውየውን በሙሉ የሚያዩበት ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የ29 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ ሆስፒታል ገብተው በዚህ ዓይነት የታዩ አረጋውያን በኋላ በሕይወትና በቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

እኛ አገር ይህ ሁሉ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው እስኪሟላ ድረስ አንጠብቅም። ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተቀምጠን የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። አረጋውያን የማይሰለፉበት አንድ ቀን በወር ይመደብ። የሚውጡት መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይምጣና አንድ ሰው ይመልከተው፤ የሚቀር ካለ ይቅር። የደም ግፊት ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ከቆሙ ከሦስት ደቂቃ በኋላም ይለካ፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 እና ከዚያ በላይ የሚወርድባቸው ሰዎች ለመውደቅ የቀረቡ ናቸውና። ዓይናቸው ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ዓይነ ስውርነትን ካመጡት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር፤ የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነገር ነው። የማያይ ሰው ይወድቃል፤ ከሞራው በፊት ዳሌው ይሰበራል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የየሰፈሩ ሐኪሞች ከመዝገባቸው ውስጥ ዕድሜያቸው 65 የሆነና ያለፈ፣ አቅማቸው የከዳቸውን ሰዎች ለይተው እንዲይዙ፣ በጣም ለደከሙት በየዓመቱ መድኃኒታቸውን እንዲመረምሩና ስለ መውደቃቸው እንዲጠይቁ በሥራ ውላቸው ተጽፎባቸዋል። ለዚህ ኮምፒዩተር ይጠቀማሉ። እኛ ኮምፒዩተር የለንም፤ ጸሐፊያችን የሚይዙት ባለ ጠንካራ ልባስ መዝገብ ግን አለን። በዚያ መዝገብ ውስጥ በየወሩ ስብሰባ ማን እንደመጣ፣ በየቀብሩ ማን እንደተገኘ፣ መዋጮ ማን እንዳመጣና ማን በልጅ እጅ እንደላከ ተጽፏል። ልብ በሉ! አቅም ሲከዳ ሰው መጀመሪያ የሚቀረው ከሩቅ ቀብር ነው። ቀጥሎ ከወር ስብሰባ ይቀራል። ቀጥሎ መዋጮውን በሰው ይልካል። ከዚያ መላኩንም ይረሳል። ይህ ሁሉ ሆስፒታል ሳይገባ፣ ሐኪም ሳያየው፣ ልጆቹም ሳያስተውሉ በመዝገባችን ላይ በቀይ ቀለም ይሰፍራል።

ታዲያ የእድር ደንብ በዚህ ጊዜ ምን ይላል? ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ለተከታታይ ወራት ያልከፈለ ይሰረዛል። ደንቡ ሲጻፍ የታሰበው ለሰነፍና ለቸልተኛ ነው፤ እሱም ትክክል ነው፤ ያለ ቅጣት እድር አይቆምም። ነገር ግን ሰነፉና አቅም የከዳው በአንድ ዓምድ ነው የሚጻፉት። ሠላሳ ዓመት የከፈለች እናት፣ አስክሬን ስትሸኝ የኖረች፣ ንፍሮ ስትቀቅል የኖረች፣ ጉልበቷ ሲከዳት መጀመሪያ ትቀጣለች፣ ቀጥላም ትሰረዛለች። እድሩን በጣም በምትፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። በቀረበው አንቀጽ ላይ የኮሚቴው ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው አባል ለሁለት ተከታታይ ወር ከስብሰባ ወይም ከቀብር ከቀረ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ጠያቂ ይሂድ። አቅም የከዳው ሆኖ ከተገኘ ከጉልበት ሥራም ከቅጣትም ነጻ ይሁን፤ መዋጮው ቤቱ ድረስ ይሰብሰብ፤ ጨርሶ መክፈል ካልቻለ አይሰረዝ።

ጠያቂው ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ብርቱካን ይዞ ብቻም አይሄድም። አይቶ የሚመለሰው ነገር አለው። አዛውንቱ ከወንበር ተነሥተው ሦስት ሜትር ሄደው ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ድረስ በሰዓት ይለካል። ሐኪሞች የሚሠሩበት መለኪያ ነው፤ 12 ሰኮንድ ወይም ከዚያ በላይ የወሰደበት ሰው ለመውደቅ ቅርብ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደጠበበ፣ ቀለበቱ እንደላላ ይጠይቃል። ክብደት መለኪያ በሌለበት ቤት ቀበቶ ጥሩ ምስክር ነው። ሽንት ቤቱን ያያል። የመድኃኒቱን ከረጢት ያያል። የጤና መድን መታወቂያው መታደሱን ያያል፤ ምዝገባውና እድሳቱ በዓመት በተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ብዙ አዛውንት ቀኑ ያልፍባቸዋል። ያየውን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይነግራል። ያየውን ለጎረቤት ግን አይነግርም። ይህንን አጥብቀን እናሳስባለን፤ የሰው ገበና ቡና ላይ የሚወራ ከሆነ በሩን የሚከፍትልን የለም።

አስታማሚዎቹን እንዳንረሳ። አንድ አዛውንት በተኛበት ቤት ሁሉ አንዲት ሴት አለች፤ ልጅ ትሆናለች፣ ምራት ትሆናለች፣ የልጅ ልጅ ትሆናለች። ሥራዋን ወይም ትምህርቷን ትታለች። ሌሊት አትተኛም። ሰው ሲመጣ ስለ በሽተኛው ይጠየቃል፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት የለም። ለቅሶ ቤት ተራ ይዘን እንደምናድር ሁሉ በሳምንት ግማሽ ቀን በተራ ብንቀመጥላት ገበያዋን ትወጣለች፤ ፀጉሯን ትሠራለች፤ ቢያንስ ትተኛለች። ይህ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ስለ ገንዘቡ ነገር ግን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። «የቀብር ገንዘባችንን ልትበሉብን ነው» ያሉን አባት አሉ። አነጋገራቸውን አናቃልለውም። ለብዙ ዓመት የከፈሉት ቀኑ ሲደርስ በወግ በማዕረግ እንዲሸኙ ነው፤ ድኻ ሰው ከዚህ ሌላ ዋስትና የለውም። በዚህ ምክንያት ኮሚቴው የቀብሩ ገንዘብ እንዳይነካ፣ ለዚህ ሥራ የተለየ ሒሳብ እንዲከፈትና ወደዚያ የሚገባው ከወርሃዊ መዋጮ ከአሥር አንድ እጅና በፈቃድ የሚሰጥ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ጥሬ ገንዘብ ለማንም በእጅ አይሰጥም፤ ወንበር ይሠራል፣ አምፖል ይገዛል፣ ታክሲ ይከፈላል። ተቆጣጣሪዎች እንደ ሌላው ሒሳብ ይመረምሩታል። ቢያልቅ ቆሞ ይጠበቃል እንጂ ከቀብሩ አይበደርም።

ነገሩ እንግዳ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር እናስታውስ። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት በኤች አይ ቪ ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን በቤታቸው መርዳት፣ ወላጅ የሞቱባቸውን ልጆች መደገፍ ጀምረው ነበር። «እድር ለሞተ ነው» የሚለው ክርክር ያን ጊዜም ተነሥቷል። «ከሞቱ አሟሟቱ» ይባል የለ? ለሠልስት ሦስት ቀን እንቀመጣለን። በጠያቂው አሠራር ለአንድ አዛውንት በወር የምንሰጠው አንድ ሰዓት ነው።

ሥራው ከተፈቀደ የሚጀመረው እንደሚከተለው ነው። ጸሐፊው ከመዝገቡ ስድሳ ዓመት ያለፋቸውንና ላለፉት ሁለት ወራት ያልታዩትን ስም ለይተው ለኮሚቴው ይሰጣሉ። ለአምስት ቤት ሁለት ጠያቂ፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ከዚያው ሰፈር ይመደባል። የአናጢነት ሙያ ያላችሁ ስማችሁን ለገንዘብ ያዡ አስመዝግቡ፤ እንጨቱ ከሒሳቡ ይገዛል። ነርስ የሆናችሁ ወይም የነበራችሁ አባላት የሰዓቱን አለካክ ለጠያቂዎቹ ታሳዩልናላችሁ።

ወንበሩ ከድንኳኑ በስተቀኝ ተቀምጧል፤ ሦስት ሜትሩም በኖራ ተሠምሯል። ድምፁ ተሰጥቶ ቡናው እስኪደርስ ድረስ መሞከር የፈለገ አባት ወይም እናት ይምጣ። ከዘራ ያለው በከዘራው ይሂድ፤ ከዘራ አይከለከልም።